ሱ ሴንት ማሪ ሲደርሱ፦ ድልድዩ ላይ ከመውጣትዎ በፊት

በሚሺጋን ግዛት ሰሜናዊ ክፍል የምትገኘው ሱ ሴንት ማሪ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 13,337 ነዋሪዎች ብቻ ነበሯት፤ ሆኖም ከፍሎሪዳ የሚነሣው ረጅሙ ኢንተርስቴት 75 የሚያበቃው እዚህች ትንሽ ከተማ ዳር ነው። እንግዳ አሽከርካሪን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ፈጣን መንገዱ ከተማዋን በጎን አልፎ በቀጥታ ወደ ካናዳ በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስለሚያወጣ፣ መድረሻዎን አስቀድመው ካልወሰኑ መንገዱ ይወስንልዎታል።

ከደቡብ ሲመጡ በመጀመሪያ የሚያገኙት በ1957 የተከፈተውንና 5 ማይል ያህል የሚረዝመውን የማኪኖ ድልድይ ነው (በእንግሊዝኛ ሲጻፍ Mackinac ተብሎ በ«c» ፊደል ያበቃል፤ ሲነገር ግን «ክ» አይሰማም)። በተንጠለጠለው ክፍል ላይ የውስጠኛው መስመር ወለል የብረት ፍርግርግ በመሆኑ ጎማው ያፏጫል፣ መሪውም በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ የማይመችዎ ከሆነ አስፋልት የለበሰውን የዳር መስመር ይያዙ። ከፍታ የሚያስፈራው ሰው አስቀድሞ ከጠየቀ የድልድዩ ሠራተኞች መኪናውን ነድተው ያሻግሩታል፤ በዚህ ማፈር አያስፈልግም። ከድልድዩ ማዶ ካለችው ሴንት ኢግናስ እስከ ሱ ሴንት ማሪ 50 ማይል ያህል ሲሆን፣ መንገዱ አብዛኛው በጫካ ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ ነዳጅዎን እዚያው ቢሞሉ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ዓይንዎ ከመውጫ ቁጥሮች ላይ አይራቅ። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ማርኬት ከተማ የሚሄድ ሰው በመውጫ 386 ወደ ኤም-28 ይታጠፋል፤ በዚህ መንገድ ላይ ከሴኒ እስከ ሺንግልተን ያለው 25 ማይል ገደማ አንድም ጉልህ መታጠፊያ ስለሌለው፣ እንቅልፍም ከጫካ ድንገት የሚወጣ አጋዘንም ያሰጋል። ወደ ከተማዋ የንግድ ሠፈር ለመግባት መውጫ 392 ይመቻል። ኢስተርዴይ ጎዳና ላይ የሚያወርደው መውጫ 394 በአሜሪካ ምድር የመጨረሻው ነው፤ እሱን ካለፉ ከፊትዎ ያለው የክፍያ ጣቢያውና ድልድዩ ነው፣ ድልድዩ ላይ ደግሞ መዞሪያ የለም።

መሻገር ባያስቡም በ394 ወርደው የመርከብ መተላለፊያ ቦዮቹን ሳያዩ አይመለሱ። የሱፒሪየር ሐይቅ ውኃ ከታችኛው ወንዝ 21 ጫማ ያህል ከፍ ስለሚል፣ መርከብ በሁለት በሮች መካከል ገብቶ ውኃው ሲሞላ ወይም ሲጎድል ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ከመመልከቻው ሰገነት ሆነው ሲያዩት ግዙፉ የማዕድን መርከብ ያለ አንዳች ድምፅ እንደ ሊፍት ሲነሣ ያስደንቃል። መመልከቻው በነጻ ነው። ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ገደማ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ግን ቦዮቹ ለጥገና ስለሚዘጉ መርከብ አይጠብቁ።

መሻገር ከወሰኑ ሰነድዎን በእጅዎ ያዘጋጁ። የአሜሪካ ዜጋ ፓስፖርት ይይዛል፤ የግሪን ካርድ ባለቤት ደግሞ ካርዱን ብቻ ሳይሆን የዜግነት አገሩን ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርት ጭምር መያዝ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው። ካናቢስ በሚሺጋንም በካናዳዋ ኦንታሪዮም የተፈቀደ ቢሆንም ድንበር ማሻገር ግን በሁለቱም በኩል ወንጀል ነው። በ1962 የተከፈተው ይህ ወደ ካናዳ የሚያሻግረው ድልድይ 2.8 ማይል ይረዝማል፤ የመሻገሪያውን ክፍያ በሁለቱም አቅጣጫ የሚቀበሉት በአሜሪካ በኩል ነው፣ የካናዳ ኬላ ደግሞ ከድልድዩ ማዶ ነው።

ማዶ ያለችውም ከተማ ሱ ሴንት ማሪ ትባላለችና አድራሻ ሲጽፉ «ኦንታሪዮ» ማለትን አይርሱ። ፈጣን መንገዱ እዚያ አይቀጥልም፤ ወደ ሰድበሪም ሆነ ወደ ተንደር ቤይ የሚወስደውን አውራ ጎዳና 17 ለማግኘት በከተማዋ መንገዶች ማለፍ ያስፈልጋል። የፍጥነት ምልክቶቹ በኪሎ ሜትር ስለሆኑ፣ 90 የሚለውን ሲያዩ በማይል ቆጣሪዎ ከ56 አይለፉ።