የታደሰ የቱርቦ ሞተርን ማላመድ፦ የመጀመሪያዎቹ 1,500 ኪሎ ሜትሮች

ሙሉ እድሳት የተደረገለት የቱርቦ ሞተር ሁለት እርስ በርስ የሚጋጩ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። የፒስተን ሪንጎቹ ጭነት ይሻሉ። ቱርቦውና አዲሶቹ የክራንክሻፍት ቤሪንጎች ግን ዘይትና ልከኛ አነዳድ። አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ብቻ ይዞ ሞተሩን ለሳምንታት እየራራለት ይነዳል፤ ከዚያ ዘይት የሚበላ ሞተር ሲገጥመው እድሳቱን ያማል።

ሆን የተደረገ (ማለትም ውስጡ በሞረድ ድንጋይ የተፋቀ) ሲሊንደር ግድግዳው ላይ የተጠላለፉ ጥቃቅን ጭረቶች አሉት። ሪንጉ ከግድግዳው ጋር የሚስማማው የጭረቶቹ ጫፍ ሲላግ ነው። ለዚህ ደግሞ የሪንጉ የራሱ መለጠጥ አይበቃም፤ ወደ ግድግዳው አጥብቆ የሚገፋው ከጀርባው የሚገባው የቃጠሎ ግፊት ነው። ጭነት ከሌለ ይህ ግፊት አይኖርም። ያኔ ጋዙ በሪንጉ ጎን ያመልጣል፣ ዘይቱ ግድግዳው ላይ ይቃጠልና እንደ ቫርኒሽ ደርቆ ጭረቶቹን ይደፍናል። እዚህ ከደረሰ መፍትሔው ሞተሩን ፈትቶ እንደገና ሆን ማድረግ ነው። ሥራው በአብዛኛው የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ስለሆነ ሁለተኛ ዕድል እምብዛም አይገኝም።

ከመነሳቱ በፊት

ሞተሩ ቀድሞ የተበላሸው ቤሪንግ በልቶ ወይም ቱርቦ ሰብሮ ከሆነ፣ የብረቱ ብናኝ የት እንደቀረ ይጠይቁ። የዘይት ማቀዝቀዣው ውስጥ የገባ ብናኝ በማጠብ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ መቀየሩ ይሻላል። ኢንተርኩለሩን (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) እና ቧንቧዎቹን ግን በደንብ አጥቦ ማድረቅ ይቻላል። ይህ ከተዘለለ ከአሮጌው ቱርቦ የተረፈው ስባሪ አዲሱ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

ለቱርቦው ዘይት የሚያደርሰው ቀጭን ቧንቧ አዲስ ይሁን፣ ቧንቧውን የሚያስረው፣ ዘይት በውስጡ የሚያልፍበት ባንጆ ቡሎንም ቀዳዳው ይጽዳ። በዚህ መስመር ላይ ሲሊኮን ማስቲሽ ፈጽሞ አይቀባም፤ ተቆርሶ ቀዳዳውን ይዘጋል። የመመለሻው ቧንቧ ሰፊ፣ ያልታጠፈና ያለማቋረጥ ወደ ታች የሚወርድ መሆን አለበት፤ ዘይቱ በራሱ ክብደት እንጂ በፓምፕ አይመለስም።

ዘይቱ ሚኒራል ይሁን፤ ውፍረቱ አምራቹ በሚፈቅደው ልክ፣ ለምሳሌ 10ደብልዩ-30 ወይም 15ደብልዩ-40። ሲንቴቲክ ዘይትና ሰበቃ የሚቀንሱ ጭማሪዎች ለአሁኑ ይቆዩ፤ እኛ የምንፈልገው ልክ ያለው ሰበቃ ነው።

ቀጥሎ ዘይቱን በመስመሩ ማዳረስ ነው። ካንዴላዎቹን ይፍቱ፣ የነዳጅ ፓምፑንና የማቀጣጠያውን ፊውዝ ያውጡ። በናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚዘጋውን ሶኬት ይንቀሉ። የቱርቦውን የዘይት መግቢያ ከቱርቦው በኩል ያላቅቁ፣ ቀዳዳው ውስጥ በሲሪንጅ ዘይት ይጨምሩና የቱርቦውን መዘውር በእጅ ያሽከርክሩ። ከዚያ ሞተሪኖውን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዙሩ፣ አንድ ደቂቃ ያሳርፉት፣ ይድገሙ። የሚቆመው ጌጁ ግፊት ሲያሳይና ከተላቀቀው ቧንቧ ዘይት ያለ አየር አረፋ ሲወጣ ነው። ቧንቧውን አጥብቀው የፈሰሰውን ይጥረጉ፤ ጭስ ማውጫው ላይ የቀረ ዘይት ሲግል እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

በማላመጃው ጊዜ ቡስቱ፣ ማለትም ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው የአየር ግፊት፣ ዝቅ ይላል፤ እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ስህተት አለ። ወደ ዌስትጌቱ (ትርፍ የጭስ ጋዝ ቱርቦውን አልፎ እንዲወጣ ወደሚከፈተው በር) የሚሄደውን ጎማ ነቅሎ መተው ቡስቱን አይቀንስም፤ ዌስትጌቱ ሳይከፈት ስለሚቀር ልጓሙን ይፈታዋል። ትክክለኛው አሠራር የቡስት መቆጣጠሪያውን አልፎ ጎማውን ከቱርቦው መውጫ በቀጥታ ከዌስትጌቱ ጋር ማገናኘት ነው፤ ያኔ የሚሠራው በስፕሪንጉ ግፊት ብቻ ይሆናል። ዌስትጌቱ ኤሌክትሪክ ከሆነ ገደቡ በኮምፒውተሩ ይበጃል፣ አለዚያም የነዳጅ መስጫውን በልክ በመርገጥ ይጠበቃል።

የመጀመሪያው መነሳት

የዘይት ግፊት በ5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት፤ 10 ሰከንድ ካለፈ ያጥፉ። ታፔታቸው (ካምሻፍቱ የሚገፋው የቫልቭ ክፍል) ጠፍጣፋ የሆነ የቆዩ ሞተሮች ለ20 ደቂቃ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ከፍ ዝቅ እያሉ ይቆያሉ፤ ካምሻፍቱና ታፔታው የሚላመዱት በዚህ ጊዜ ነው፣ ዘይቱም ዚንክ የበዛበት መሆን ይኖርበታል። ሮለር ላላቸው ግን ይህ አያስፈልግም። ፍሳሽ እንደሌለ፣ ከማቀዝቀዣው ውሃ አየር እንደወጣና ሙቀቱ እንደተስተካከለ ሲረጋገጥ ወደ መንገድ ነው። ቆሞ በሚኒሞ ማሠራት ለሪንጎቹ ከሁሉ የከፋው ነው።

ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ ሌላው ገዳይ ነው፤ ቤንዚኑ ዘይቱን ከግድግዳው ያጥበዋል። ኢንጀክተር ወይም ቱርቦ ተለውጦ ከሆነ የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ከመነሳቱ በፊት መዘጋጀት አለበት።

መንገድ ላይ

ጭር ያለና ትንሽ ዳገት ያለው መንገድ ይምረጡ። ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ስለሚሞቅ መጀመሪያ ለ10 ደቂቃ ያህል በቀስታ ይንዱ። ከዚያ በ3ኛ ማርሽ ከ2,000 ዙር ጀምረው የነዳጅ መስጫውን እስከ ግማሽ ይርገጡና እስከ 4,000 ያድርሱት። እግርዎን ሙሉ በሙሉ ያንሱ፣ ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ወደ 2,000 ይውረድ። ይህን ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይድገሙ፤ ቀጥሎ ጥቂት ጊዜ እስከ ሦስት አራተኛ ረግጠው። ለናፍጣ ሞተር ከ1,500 እስከ 3,000 ዙር ይበቃል። ቡስቱ ከ0.5 ባር አይለፍ። በየመሐሉ ትንሽ በቀስታ መንዳት ሙቀቱን ያበርዳል።

በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች አውራ ጎዳና ላይ በአንድ ፍጥነት ለረጅም ጊዜ መሄድ፣ በከፍተኛ ማርሽ በ1,200 ዙር ሞተሩን እያንቀጠቀጡ መጎተት፣ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ ይቅሩ። ከ800 ኪሎ ሜትር በኋላ ቡስቱን ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ሙሉው ከ1,500 በኋላ።

ዘይትና ፊልትሮ

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ወዲያው ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየራሉ፤ ከዚያ በ500፣ ከዚያ በ1,500 ኪሎ ሜትር። ሲንቴቲክ የሚገባው ያኔ ነው። አሮጌውን ፊልትሮ ቆርጠው ወረቀቱን ይዘርጉት። በመጀመሪያው ላይ ግራጫ ልቁጥና በማግኔት የሚያዝ ደቃቅ ብናኝ ይጠበቃል። ማግኔት የማይዘው መዳብ መልክ ያለው ቅርፊት ግን የቤሪንግ ወይም የቱርቦ ጉዳይ ስለሆነ መኪናው ይቁም።

በ1,500 ሞተሩ ሞቆ፣ መስጫው ሙሉ ተረግጦ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ይለካ። የሲሊንደሮቹ ልዩነት ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ዝቅ ያለው ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ሲለኩ ከፍ ካለ ችግሩ ሪንግ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጋርኒሲዮን።

ሰማያዊ ጭስ በጭነት ጊዜ ከወጣ ሪንጎቹ አልገጠሙም ማለት ይሆናል። ቆሞ ቆይቶ ሲነሳ ወይም በቁልቁለት እግር ተነስቶ ከቆየ በኋላ ሲረገጥ ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒዎችን ወይም ቱርቦውን ያመለክታል። ቱርቦውን ግን ቶሎ አይወንጅሉ፤ የመመለሻው ቧንቧ ከታጠፈ ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ከተዘጋ ጤነኛ ቱርቦም ዘይቱን ወደ ጭስ ማውጫው ይገፋል።