አንድ ክኒን፣ ሁለት መድኃኒት፦ ድብልቅ ማስታገሻ ቤት ውስጥ እንዴት ይወሰዳል?

ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ፣ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ አንሸራቶኝ ወደቅኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ፣ ብረት ገባለት፣ በሦስተኛው ቀን በክራንች እየተንጠለጠልኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። የምኖረው ፒያሳ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ኪሴ ውስጥ አንዲት ትንሽ የወረቀት ከረጢት ነበረች። በውስጧ ትራማዶልና ፓራሲታሞል አንድ ላይ የተቀየጡበት ክኒን አለ።

ሐኪም አይደለሁም። ምን ያህል እንደምትወስዱ የሚወስነው ያዘዘላችሁ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን፣ መዋጡ፣ መቁጠሩ፣ ማቆሙ፣ የእናንተ ሥራ ነው። እኔ የተሳሳትኩትም እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ፦ የምትውጡትን እወቁ

ድብልቅ ማስታገሻ የሚባለው ሁለት መድኃኒት በአንድ ክኒን የታሸገበት ነው። አንደኛው አብዛኛውን ጊዜ ፓራሲታሞል ነው፣ ሁላችንም መሳቢያ ውስጥ የምናስቀምጠው ያው ፓራ። ሁለተኛው ከኦፒዮይድ ወገን ነው፤ ኮዴይን ወይም ትራማዶል፣ የሞርፊን ዘመዶች ማለት ነው።

ኦፒዮይዱ በአከርካሪና በአንጎል ውስጥ ካሉ ተቀባዮች ጋር ይጣበቅና የሕመሙን መልእክት ያዳክማል። አጥንቱ እንደተሰበረ ነው፤ ወሬው ብቻ አንጎል ሲደርስ ሹክሹክታ ይሆናል። ትራማዶል በዚህ ላይ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን የነርቭ ኬሚካሎች ቶሎ እንዳይመጠጡ ያደርጋል። ፓራሲታሞል ደግሞ በሌላ መንገድ፣ በአብዛኛው አንጎል ውስጥ ይሠራል። ሁለቱ በተለያየ በር ስለሚገቡ ከእያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ወስዶ ጥሩ እፎይታ ማግኘት ይቻላል። የመቀየጡ ምክንያት ይኸው ነው።

ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ሁለቱ አንድ ክኒን ውስጥ ተቆልፈዋል፤ አንዱን ስትጨምሩ ሌላውም ሳትጠሩት ይጨመራል። ሰውነት ኦፒዮይዱን እየለመደው ሲሄድ «አንድ ፍሬ ልድገም» ያሰኛል። ጉበት ግን ፓራሲታሞልን አይለምድም።

ፋርማሲው መስኮት ላይ

እዚህ ከተማ ብዙ ቦታ ክኒኑ ከነካርቶኑ አይሰጣችሁም። ስትሪፑን በመቀስ ቆርጠው፣ ከረጢት ውስጥ ከትተው፣ ከላይ በእስክሪብቶ «2×4» ብለው፣ 2 ፍሬ በቀን 4 ጊዜ ማለት ነው፣ ይሰጧችኋል። የእኔ ስትሪፕ የተቆረጠው ልክ ስሙ ላይ ነበር፤ የቀረልኝ «ዶል» የሚለው ጭራና የግማሽ ቁጥር ብቻ። ስለዚህ ከመስኮቱ ሳትነሱ ካርቶኑን አሳዩኝ በሉና የሁለቱንም መድኃኒት ስምና ሚሊግራም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ያጉረምርም።

እዚያው ቆማችሁ ሌላ የምትወስዱትን ሁሉ ተናገሩ። የሚጥል በሽታ ካለባችሁ ትራማዶል ሊቀሰቅሰው ይችላል። እንደ ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ የድብርት መድኃኒት ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ ሴሮቶኒንን ከልክ በላይ ሊያበዛ ይችላል። ዲያዜፓምና ሌላ የእንቅልፍ መድኃኒት ከኦፒዮይድ ጋር ትንፋሽን ያዳክማል። የጉበት በሽታ ያለበት፣ የቲቢ መድኃኒት ላይ ያለ ወይም አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ደግሞ የፓራሲታሞል ጣሪያው ከሌላው ዝቅ ሊል ስለሚችል ሐኪሙን መጠየቅ አለበት።

ትራማዶልን ያለ ማዘዣ የሚሸጥላችሁ ሰው ውለታ እየዋለላችሁ አይደለም።

ስለ እኛ ደም አንድ ነገር

ይህን የነገረኝ የለም፤ በኋላ አንብቤ ነው ያወቅሁት። ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል ሙሉ ኃይላቸውን የሚያገኙት ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባል ኤንዛይም ሲለውጣቸው ነው። ኮዴይን ወደ ሞርፊን የሚለወጠው በዚህ ነው። ይህን ኤንዛይም የሚሠራው ጂን አንዳንድ ሰው ላይ ተደጋግሞ ይገኛል፤ እነሱ መድኃኒቱን በጣም በፍጥነት ይለውጡታል። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ይህን መደጋገም አግኝቷል። ስዊድናውያን ላይ 1 ወይም 2 ከመቶ ነው።

እንግዲህ ጎረቤቴ 2 ፍሬ ውጦ ኳስ እያየ ሲያመሽ እኔ በ1 ፍሬ ልፈዝ እችላለሁ ማለት ነው። «ለእሱ ምንም አላለውም» ማስረጃ አይሆንም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 ኮዴይንም ትራማዶልም ለሕመም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ፣ የምታጠባ እናትም እንዳትወስዳቸው ያስጠነቀቀው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ከእናንተ ክኒን ለልጅ ግማሽ ከፍሎ መስጠት የሚባል ነገር አይታሰብ። የመጀመሪያዋን ፍሬ ደግሞ ቤት ውስጥ ሰው ባለበት ዋጡ።

ፓራውን መቁጠር

ይኼ ነው ዋናው። ረዘም አደርገዋለሁ።

የእኔ ክኒን 37.5 ሚሊግራም ትራማዶልና 325 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ነበር። የታዘዘልኝ 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን 8 ፍሬ፤ ከዚያ በላይ አይታለፍም። ስምንት ጊዜ 325 ሲባዛ 2,600 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ይሆናል። ለጤነኛ አዋቂ ጣሪያው በ24 ሰዓት ውስጥ 4,000 ነው። እስከዚህ ሰላም ነው።

ቤት በገባሁ በሁለተኛው ቀን ማታ እግሬ ይነዝረኝ ጀመር። «ፓራ ምን ያደርጋል?» ብዬ ከመሳቢያዬ ባለ 500ውን 2 ፍሬ ዋጥኩ። ጠዋት ደገምኩ። 2,000 ጨመርኩ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጉንፋን ይዞኛል። እህቴ አዝና የጉንፋን ክኒን ገዝታ መጣች፤ በቀን 3 ጊዜ 1 ፍሬ። እያንዳንዷ ውስጥ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል እንዳለ ያነበበ ሰው ቤታችን አልነበረም። ሌላ 1,500። ድምሩ 6,100 ሚሊግራም።

ምን ተሰማኝ? ምንም። የሚያስፈራውም ይኼ ነው። ፓራሲታሞል ሲበዛ የመጀመሪያው ቀን ትንሽ ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፣ ጭራሽ ምንም ላይኖርም ይችላል። ጉበት ፓራሲታሞልን ሲያቃጥል ጥቂት መርዛማ ቅሪት ይወጣል፤ እሱን የሚያከሽፍለት ግሉታታዮን የሚባል ክምችት አለው። ክምችቱ ሲያልቅ ቅሪቱ ጉበቱን ራሱን ያጠቃል። ጉዳቱ በግልጽ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ነው። አሲቲልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለ፤ የሚሠራው ግን ቶሎ ሲሰጥ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ነው። «እስኪያመኝ ልጠብቅ» የሚለው ሰው ያንን ጊዜ እየጣለ ነው።

እኔን ያዳነችኝ ሰፈር ያለች ፋርማሲስት ናት። እህቴ ሌላ ፓራ ልትገዛ ወርዳ «ሌላስ ምን እየወሰደ ነው?» ተባለች። ዘረዘረች። ልጅቷ ካልኩሌተር አውጥታ ደመረችና «አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው» አለቻት። ሁለት የሰፈር ልጆች አራት ፎቅ ተሸክመው አወረዱኝ። የደም ምርመራው ደህና ሆነ። በመሃል የጠበቅኳቸውን ሰዓታት ግን ለጠላቴም አልመኝ።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ድብልቁን መውሰድ ስጀምር በቤቱ ያለውን ፓራ ሁሉ፣ የጉንፋኑንም ጨምሮ፣ ሰብስቤ ለእህቴ አስረክባለሁ። አንድ ወረቀት ፍሪጅ ላይ እለጥፍና በእስክሪብቶ ሰዓቱን እጽፋለሁ። በእኛ አቆጣጠር ይህ ሥራ ቀላል ነው፤ በየ6 ሰዓቱ ማለት ንጋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6 ነው። እናቴ ግን ኋላ ላይ «በየ6 ሰዓቱ» የሚለውን «6 ሰዓት ሲሆን» ብላ ተረድታ ቀንና ሌሊት ብቻ ትሰጠኝ ነበር። ሳቅ አይደለም፤ ለምትረዳችሁ ሰው ሰዓቶቹን ዘርዝራችሁ ንገሩ።

የሰባት ቀን ሳጥን ያለበትን የፕላስቲክ መያዣ ገዝቼ ነበር። ለዚህ ሥራ አይረባም። ሕመም የሚያስገድደው ሰው ከነገ ሣጥን ያወጣል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይሻላል፣ የስልክ ደወል ይጨመርበት። ሰዓት ካለፋችሁ ለማካካስ እጥፍ አትዋጡ።

ሆድ

የኦፒዮይድ ተቀባይ አንጀት ላይም አለ። ክኒኑ የሕመሙን መልእክት እንዳዘገየው ሁሉ አንጀቱንም ያዘገየዋል። ማቅለሽለሹና ድብታው በጥቂት ቀን ይለመዳሉ፤ የሆድ ድርቀቱ ግን አይለመድም። ይህን ሳላውቅ አምስት ቀን ሙሉ መፀዳጃ ቤት ሄጄ በባዶ ተመለስኩ። በአንድ እግር ቆሞ፣ ክራንች ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማማጥ ምን እንደሚመስል አልገልጽላችሁም።

እናቴ ተልባ በጥብጣ አመጣች። ለወትሮው ድርቀት ተልባን የሚያህል የለም። ለዚህኛው ግን ብቻውን አይበቃም፤ አንጀቱ ራሱ አልገፋ ሲል የሰገራውን መጠን መጨመር፣ በተለይ ውኃ ካነሰ፣ ሊያባብሰውም ይችላል። የሚያስፈልገው አንጀቱን የሚያነቃቃ ማለስለሻ ነው፤ እንደ ቢሳኮዲል ያለ። ማስታገሻው ሲታዘዝላችሁ «ለድርቀቱስ?» ብላችሁ ጠይቁና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ፤ አምስተኛውን ቀን አትጠብቁ። ውኃ በደንብ። ሆድ ከተነፋና ማስመለስ ከመጣ ወደ ሐኪም።

ሌላው ሌላው

ማቅለሽለሽ ካለ ከምግብ ጋር። ማሳከክ የተለመደ ነው፤ ከንፈርና ፊት ካበጠ ግን አለርጂ ነው፣ ሩጡ። ሽንት አልወጣ ካለ ተናገሩ። መኪና አትንዱ። ከአልጋ ስትነሱ መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ከዚያ ቁሙ፤ እኔ ደረጃ ላይ ዞሮብኝ ሁለተኛውን እግር ልሰብር ነበር። ዝግ ብሎ የሚለቀቅ ዓይነት ክኒን ከሆነ አይፈጭም፣ አይታኘክም፤ የቀኑ መጠን በአንዴ ይወጣል።

መጠጥ ጨርሶ የለም። ጠያቂ ሲመጣ አረቄ ይዞ መምጣቱ አይቀርም፤ «አንድ መለኪያ ለአጥንቱ» የሚል ዘመድ እኔም ነበረኝ። አልኮል ከኦፒዮይዱ ጋር ትንፋሽን ይይዛል፣ ከፓራሲታሞሉ ጋር ጉበትን ይጎዳል። ሁለቱንም ወገን በአንድ መለኪያ ነው የሚያገኘው። ጠርሙሱን ተቀብላችሁ አመስግኑና ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት።

አብሯችሁ የሚተኛ ሰው ይህን ይወቅ፦ ሲቀሰቅሱት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም እያንኮራፋ የሚቆራረጥ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ ሰው «ደክሞት ነው» ተብሎ አይተውም። በጎኑ አስተኙት፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ ወይም ባገኛችሁት መኪና ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። እዚያ ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ። ካርቶኑን ወይም ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን እንደዋጠ መገመት ጊዜ ይበላል።

ማቆም

ለጥቂት ቀን ብቻ የወሰደ ሰው ሕመሙ በተራ ፓራ ሲቻል ድብልቁን ያቆማል። እኔ በስምንተኛው ቀን አቆምኩ። ሳምንታት የወሰደ ግን በአንዴ አይቁረጥ፤ ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ያስቀንሰው። አለዚያ ላብ፣ ማዛጋት፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ብዙ ሰው «ጉንፋን ያዘኝ» ብሎ ያልፈውና ክኒኑን መልሶ ይጀምራል። ሕመሙ ለቆ ክኒኑን ግን የሚያስናፍቃችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ነውር የለውም።

የተረፈ 11 ፍሬ ነበረኝ። ወገቧን የሚያማት ጎረቤቴ «ስጠኝ እስቲ፣ ቢያሽለኝ» አለች። እምቢ ማለት ከብዶኝ ነበር፣ የደም ግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒት እንደምትወስድ ስለማውቅ ግን አልሰጠሁም። መጀመሪያ ፋርማሲውን ጠየቅሁ፤ የተረፈ አንቀበልም አሉ። ከዚያ ክኒኖቹን ከስትሪፑ አውጥቼ፣ ከቡና አተላ ጋር ለውሼ፣ ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ ቆሻሻ ላይ ጣልኩ። አተላ ውስጥ የገባ ክኒን ልጅም አያነሳው፣ ሰፈር የሚለቅምም አይፈልገው። እናቴ ብቻ ተቆጣች። አቦል ብቻ ነበር የተጠጣው፤ ቶናው ገና ነበር።