«ሆዴን ነው» አትበል

ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው። አንዲት እናት ትከሻዬ ሥር ቆመዋል። «ምንህን ነው?» አለችኝ ልጅቷ ቀና ሳትል። አፌ ላይ የመጣልኝ «ሆዴን» ነው።

ሆዴ ምንም አልሆነም ነበር። ቀኝ የዘር ፍሬዬ ላይ ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር ከወጣች ግን ሁለት ወር አልፏታል።

ሐኪሙም የነገርኩትን አከመ። የጨጓራ መድኃኒት ጻፈልኝ፣ ሦስት ሳምንት ዋጥኩ። እሱ ላይ ምን ጥፋት አለ? ያቺ ጠጣር ነገር የዘር ፍሬ ካንሰር ነበረች። ይሄን የምጽፈው ያቺን አንዲት ቃል ሌላ ሰው እንዳይደግማት ነው። ወጣት ወንድ ከሆንክ አንብበው። እህት ወይ እናት ከሆንሽም ላኪለት፣ እሱ ራሱ ፈልጎ አያነበውም።

ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። መስከረም 2015 ዓ.ም. 26 ዓመቴ ነበር። እሁድ ጠዋት ስንጫወት ኳስ እዚያው ላይ መታኝ። ማታ ውሃ አሙቄ በባልዲ ስታጠብ እጄ አገኛት። አታምም። ምቱ ነው ያመጣት ብዬ ተውኳት። በኋላ እንደተረዳሁት ምት ይሄን ካንሰር አያመጣም። ምቱ የሠራው ሥራ ቢኖር እጄን ወደዚያ መላክ ነው።

በእጅህ እንዴት ታውቀዋለህ

ሞቅ ባለ ውሃ ከታጠብክ በኋላ አድርገው። ያኔ ቆዳው ይላላል። አንዱን ብቻ ያዝ። አውራ ጣትህን ከላይ፣ ሁለት ጣቶችህን ከሥር አድርገህ ቀስ ብለህ አሽከርክረው። ጤነኛው እንደ ተላጠ ቅቅል እንቁላል ነው፤ ልሙጥ፣ ጠንከር ያለ፣ ግን የሚለመጥ። ከዚያ ወደ ሌላው እለፍ።

ከኋላ በኩል እንደ ገመድ ለስለስ ያለ ነገር ታገኛለህ። አትደንግጥ፣ ዘር የሚጠራቀምበት ቱቦ ነው፤ ሁሉም ወንድ አለው። አንዱ ከሌላው ዝቅ ብሎ መንጠልጠሉ፣ ትንሽ ከፍ ያለ መጠን መያዙም የተለመደ ነው። የምትፈልገው ለውጥ ነው። ፍሬው ራሱ ላይ የተጣበቀ ጠጣር ነገር፣ የአተር ያህል ትንሽ ቢሆንም። ወይም አንዱ እያደገ መምጣቱ፣ ወይም መክበዱ፣ ወይም ድንገት ውሃ መቋጠሩ። አንዳንዱን ሰው ብሽሽቱን ወይም እንብርቱ ሥር ደብዘዝ ያለ ሕመም ይይዘዋል። ጡቱ የሚያብጥና ሲነካ የሚያመውም አለ። ወደ ሌላ ቦታ ከተሰራጨ ደግሞ የወገብ ሕመም፣ ሳል፣ ትንፋሽ ማጠር ሊመጣ ይችላል።

እውነቱን ለመናገር በየወሩ ራስን መፈተሽ ሞትን ይቀንሳል የሚለው በጥናት አልተረጋገጠም። ጭንቀት ያበዛል የሚሉ ሐኪሞች አሉ። እኔ የቤት ኪራይ በከፈልኩ ቀን ማታ እፈትሻለሁ። ሌላ ቀን አላስበውም። ዋናው የራስህን ማወቅህ ነው፤ የሚያውቁት ነገር ሲለወጥ ያስታውቃል።

ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከ15 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ነው። ሲወለድ አንዱ ወይም ሁለቱም ፍሬ ወደ ከረጢቱ ያልወረደለት ልጅ ከሌላው የበለጠ ይጋለጣል፣ በኋላ ቢወርድ ወይም በቀዶ ሕክምና ቢወርድለትም። አባቱ ወይም ወንድሙ ይሄ በሽታ የነበረበትም እንዲሁ። ስለ መውረዱ እናትህን ጠይቃት። እኔ ስጠይቃት እማዬ ትንሽ ዝም ብላ «አንዱ ዘግይቷል ብለውኝ ነበር» አለችኝ። 26 ዓመት ሙሉ የሚያነሳው ሰው አልነበረም።

በሽታው ኖርዌይና ዴንማርክ ውስጥ በብዛት ይታያል። አፍሪካ ውስጥ ግን ብርቅ ነው። ብርቅ መሆኑ ደስ ይላል፣ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ጓደኛህም፣ ፋርማሲስቱም፣ አንዳንዴ ሐኪሙም ቶሎ አያስበውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይ። ድንገት የመጣ ከባድ ሕመም፣ በተለይ ከማስመለስ ጋር ከሆነ፣ ፍሬው ዞሮ የደም ሥሩ ታንቆ ሊሆን ይችላል። እሱ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ከስድስት ሰዓት በላይ ከቆየ ፍሬውን ማትረፍ እየከበደ ይሄዳል። ሌሊትም ቢሆን ጎረቤት ቀስቅሰህ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ሕመሙ ትኩሳትና ሽንት ማቃጠል ካለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው፣ በመድኃኒት ይድናል። ግን መድኃኒቱን ጨርሰህ በሁለት ሳምንት ውስጥ እብጠቱ ካልጠፋ ሌላ አንቲባዮቲክ አትቀበል። አልትራሳውንድ ጠይቅ። እኔ ከጨጓራው በኋላ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ሳያዩኝ አንቲባዮቲክ ሁለት ዙር ሰጥተውኛል። ሌላ አንድ ወር በዚያ አለቀ።

ምን ብለህ ትናገራለህ

ቃሉ ነው የሚያስቸግረው። «ቆለጥ» ስትል የተሳደብክ ይመስልሃል። «እዚያ ጋ» ካልክ ደግሞ ሰው የራሱን ይተረጉማል፣ የአባላዘር በሽታ ነው ብሎ ፊቱን ያጠቁርብሃል። «የዘር ፍሬ» በል። ካርድ ክፍል ላይ ዝርዝሩ አያስፈልግም፤ «ቀዶ ሕክምና» ወይም «ዩሮሎጂ» (የሽንትና የዘር አካላት ሕክምና) ካልክ ይበቃል። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጥ ይሄን በል፦ «የዘር ፍሬዬ ላይ ጠጣር እብጠት አለ። ሦስት ወር አልፎታል። አያመኝም።» ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር።

እኔ እሱም ከበደኝ። ስልኬ ላይ በትልቅ ፊደል ጻፍኩትና ለሐኪሟ አሳየኋት። አዎ፣ ሴት ነበረች። አንብባ «ተኛ፣ ልየው» አለች፣ ጓንት አጠለቀች። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ከሦስት ወር በላይ የፈራሁት ያቺን ግማሽ ደቂቃ ነው። የሚያየው ሐኪም ሳይነካ መድኃኒት ሊጽፍልህ ከጀመረ «ዶክተር፣ እባክዎ በእጅዎ ይዩልኝ» በል። ነውር የለውም።

በዚያው ቀን አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ። ቀዝቃዛ ጄል ይቀቡሃል፣ አያምም፣ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ውሃ የቋጠረ ይሁን፣ ቡአ ይሁን፣ የደም ሥር ማበጥ ይሁን ወይም ጠጣር ዕጢ፣ ይለየዋል። ብዙው ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዱ ነው ተብሎ እየሳቀ ይወጣል። እኔ «ጠጣር» ተባልኩ።

ከዚህ በኋላ ስለ ሁለት ነገር ንቁ ሁን። አንደኛ፣ ከረጢቱን በመርፌ ወግቶ ናሙና መውሰድ አይደረግም። ሌላ ዕጢ ላይ ባዮፕሲ የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ እዚህ ግን ሴሎቹን ወደማይሄዱበት መንገድ ሊበትን ይችላል። ስለዚህ ፍሬው በሙሉ ይወጣል፣ የሚወጣውም ከረጢቱን ቀዶ ሳይሆን በብሽሽት በኩል ነው። አልትራሳውንድ ሳያይ «ውሃውን በመርፌ ልቅዳልህ» የሚልህ ካለ ሌላ ሐኪም ጋ ሂድ።

ሁለተኛ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለምርመራ ደም ስጥ። ደሙ ውስጥ የሚለኩት ነገሮች ኤኤፍፒ፣ ቤታ ኤችሲጂ እና ኤልዲኤች ይባላሉ። ብዙ ዕጢዎች እነዚህን ወደ ደም ይለቃሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቁጥሩ እየወረደ ካልሄደ የተረፈ ነገር አለ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከሌለህ ግን ከምን ጋር ታወዳድረዋለህ? ወረቀቷን እንደ መታወቂያ ያዛት። በነገራችን ላይ ቤታ ኤችሲጂ የእርግዝና መመርመሪያው የሚለካው ያው ሆርሞን ነው። አንድ ጓደኛዬ ይሄን ሰምቶ ፋርማሲ ሄዶ ስትሪፕ ገዛ። አይሠራም ጌታዬ፤ ብዙ ዕጢ ይሄን ሆርሞን ስለማያመነጭ ውጤቱ ባዶ ቢሆንም ነፃ ነህ ማለት አይደለም።

ቢላዋውና ከዚያ በኋላ

የእኔ ቁስል የጣት ርዝመት አላት፣ ፓንት ትሸፍናታለች። በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ለተወሰኑ ሳምንታት ጀሪካን አታንሳ ተባልኩ። ሁሉም ሰው ሊጠይቀኝ ፈልጎ የማይጠይቀኝን ልመልስ፦ አንዱ ፍሬ ጤነኛ ከሆነ ለወንድነትም፣ ለመውለድም ይበቃል። ኬሞ (ካንሰርን በመድኃኒት ማከም) ግን ዘርን ሊያዳክም ይችላል፣ አንዳንዴ ለጊዜው፣ አንዳንዴ ለዘለቄታው። ስለዚህ ኬሞ ከመጀመርህ በፊት «ዘሬን ማስቀመጥ እችላለሁ ወይ?» ብለህ የመካንነት ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ ጠይቅ። እኔን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

የወጣው ፍሬ በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ፓቶሎጂ ይላካል። ውጤቱ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ «ሴሚኖማ ነው ወይስ አይደለም?» መንገዱ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ሴሚኖማ የሚባለው ዓይነት ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፣ ለጨረርም ይሸነፋል። ሌላው ፈጠን ይላል፣ ጨረር ብዙ አይረዳውም፣ ኬሞ ግን ይችለዋል። ቀጥሎ የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን ይነሳል። ፍሬው ውስጥ ብቻ ከሆነ ብዙ ሰው ከቀዶ ሕክምናው ሌላ ምንም ሳይወስድ በክትትል ብቻ ይቀጥላል። በአሜሪካ አኃዝ እዚያው እያለ ከተያዘባቸው 100 ሰዎች 99ኙ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት አሉ። ሩቅ ከተሰራጨም በኋላ ወደ 73 ይጠጋል። ካንሰር ሲባል ሁላችን የምናስበው ይሄን አይደለም።

የእኔ ሴሚኖማ አልነበረም፣ ሆዴ ውስጥ ከጀርባ በኩል ያሉ ንፍፊቶች ጋ ደርሶ ነበር። እንግዲህ «ሆዴን» ያልኩት መጨረሻ ላይ እውነት ሆነ ማለት ነው። ሦስት ዙር ኬሞ ታዘዘልኝ። ብሊዮማይሲን፣ ኢቶፖሳይድ፣ ሲስፕላቲን። አንዱ ዙር 21 ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ። የእቁብ ጓደኞቼ ዕጣዬን አስቀድመው ለቀቁልኝ፣ እሷ ነች ያቆመችኝ።

ሲስፕላቲን የተገኘበት ታሪክ ለእንደኔ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሰው ደስ ይላል። 1965 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባርኔት ሮዘንበርግ የሚባል ሳይንቲስት ባክቴሪያ ያለበት ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይልካል። ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል አቆሙ። ኤሌክትሪኩ አልነበረም ያቆማቸው፤ ከፕላቲኒየም ዘንጎቹ የሟሟው ነገር ነው። 1974 ላይ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዶክተር ሎውረንስ አይንሆርን መድኃኒቱን ከሌሎች ጋር አዋህዶ ለዚህ በሽታ ሰጠ። ከዚያ በፊት የተሰራጨበት ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ይሞት ነበር።

ኬሞው ላይ የተማርኩት ይሄ ነው። ሲስፕላቲን ኩላሊት ስለሚጎዳ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጡሃል፣ አንተም ጠጣ። ጆሮህ ከጮኸ ወይም ጣትህ ከደነዘዘ ንገራቸው፣ አትቻለው። የማስመለስ መከላከያ መድኃኒቱን ማቅለሽለሽ ሳይጀምርህ ውሰድ። እኔ ወጥ ሲቁላላ የሚወጣውን ሽታ አልችልም ነበር፤ ቅቅል ድንችና ዳቦ ነው ያኖሩኝ። ነጭ የደም ሴል ስለሚወርድ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት እርም ነው፣ ክትፎም ቢሆን በደንብ ይብሰል። ቴርሞሜትር ግዛ። 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂድ፣ ፓራሲታሞል ውጠህ አትተኛ። ብሊዮማይሲን ሳንባ ስለሚነካ ሲጋራና ሺሻ አቁም። ወደፊት ለማንኛውም ቀዶ ሕክምና ስትገባ «ብሊዮማይሲን ወስጃለሁ» ብለህ ለሰመመን ሰጪው ንገር። እማዬ ጸበል ወሰደችኝ፣ ሄድኩላት። አንድም የኬሞ ቀጠሮ ግን አላሳለፍኩም።

ጥር 27 ቀን ገና አንደኛው ዙር ላይ ነበርኩ። ሰው በበዛበት አትሂድ ስለተባልኩ ዲኤስቲቪ ቤት ቀረሁ። የኮትዲቯሩ አጥቂ ሴባስቲያን ሃለር ለጀርመኑ ዶርትሙንድ ጎል ሲያገባ በስልኬ አየሁት። ሐምሌ ላይ የዘር ፍሬ ዕጢ ተገኝቶበት፣ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አድርጎ፣ ኬሞ ጨርሶ ነው የተመለሰው። ዕለቱ ደግሞ የዓለም ካንሰር ቀን ነበር። 2022 እ.ኤ.አ. ቡንደስሊጋው ውስጥ ብቻ አራት ተጫዋቾች ይሄው በሽታ እንደተገኘባቸው ያኔ ነው ያወቅኩት። ወንድሜ «አንተም እኮ አምስተኛው ነህ» አለኝና በሳቅ ፈረስኩ። የካቲት 2016 ሃለር አቢጃን ላይ ናይጄሪያን ጥሎ ለኮትዲቯር የአፍሪካ ዋንጫን ሲያስገኝ ግን ዲኤስቲቪ ቤት ነበርኩ፣ ፀጉሬም በቅሏል።

ክትትሉ ይቆያል። የመጀመሪያውን ዓመት በየሁለት ሦስት ወሩ ደም እሰጥ ነበር፣ አሁን እየራቀ ነው። ቀሪውን ፍሬ በእጄ የምፈትሸው እኔ ነኝ፤ አንዴ የያዘው ሰው በሌላው በኩልም ሊይዘው ይችላል። የሲቲ ሲዲዎቹን፣ የፓቶሎጂውን ወረቀትና የደም ውጤቶቹን በአንድ ፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጫለሁ። ሆስፒታል ብትቀይር ታሪክህ ያ ፌስታል ነው። የጣቶቼ ድንዛዜ ወደ አንድ ዓመት ቆየ። ትንንሾቹን ብሎኖች ረዳቴ ነበር የሚይዝልኝ። አሁን ራሴ እይዛቸዋለሁ፣ ቅዝቃዜ ካልሆነ በቀር።