ታሪክ አንብቦ ታሪክ መጻፍ፦ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ተማሪዎች

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ ለሚኒስትሪ ሲዘጋጁ የፕሎትን፣ የሴቲንግን፣ የቲምን ትርጉም ሸምድደው ይመጣሉ። አንድ ገጽ ታሪክ ሰጥቼ «ቲሙ ምንድን ነው?» ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። ስለዚህ ትርጉም አላስጽፍም። መጀመሪያ የምናውቀውን ተረት በአማርኛ እናወራለን፣ ስሞቹ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። እናንተም ቤታችሁ እንዲሁ አድርጉ።

እኔ የምመርጠው የእንጀራ እናቲቱንና የአንበሳውን ተረት ነው። የባሏ ልጅ አልቀርባት ይላል። የሠራችውን አይበላም፣ ስታናግረው አይመልስም። ሴትየዋ አዋቂ ዘንድ ሄዳ መድኃኒት ትለምናለች። «ከአንበሳ ጺም ጸጉር ነቅለሽ አምጪልኝ» ይላታል። በየቀኑ ሥጋ እየወሰደች፣ በየቀኑ ትንሽ እየተጠጋች፣ በመጨረሻ ጸጉሩን ትነቅላለች። ይዛለት ስትመጣ «በይ ልጁንም እንዲሁ ቅረቢው» ይላታል።

ሴቲንግ ታሪኩ የተፈጸመበት ቦታና ጊዜ ነው። ካራክተር ደግሞ ባለታሪኮቹ፣ አንበሳውም ጭምር። እነዚህ ማንንም አያስቸግሩም።

ፕሎት ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ፕሎት የድርጊት ዝርዝር አይደለም፤ አንዱ ድርጊት ሌላውን ማምጣት አለበት። መሞከሪያው ቀላል ነው። በሁለት ድርጊቶች መሀል «ከዚያ» በማለት ፋንታ «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» አስገቡ። «ልጁ አልቀረባትም፣ ስለዚህ አዋቂ ዘንድ ሄደች፣ ነገር ግን አዋቂው የአንበሳ ጸጉር ጠየቃት።» ራሳችሁ በጻፋችሁት ታሪክ ውስጥ ሁለቱም የማይገቡበት ቦታ ካገኛችሁ፣ ያንን ክፍል እንደገና እዩት።

ኮንፍሊክት ሲባል ድብድብ ብቻ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። ሴትየዋ ግን ከአንበሳው ጋር አልታገለችም። ዋናው ግጭት በእሷና በልጁ መካከል ነው። ሌላው እዚያው በልቧ ውስጥ ያለው ነው፤ ትፈራለች፣ ግን መሄድ አለባት።

ቲም ስትጠየቁ እባካችሁ «ፍቅር» ብላችሁ አትለፉ። ፍቅር ርዕሰ ጉዳይ ነው። ታሪኩ ስለ ፍቅር ምን ይላል? ቲሙ እሱ ነው፤ መልሱም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆናል፦ «የተጎዳ ልጅ የሚቀርበው ለታገሠው ሰው ነው።» ጓደኛችሁ ሌላ ቲም ቢያወጣ ከታሪኩ ማስረጃ እስካመጣ ድረስ አልተሳሳተም።

ፖይንት ኦፍ ቪው፣ ማለትም ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚተረክ፣ የምወደው ትምህርት ነው። ያንኑ ተረት አንበሳው «አይ» (እኔ) እያለ እንዲያወራው አድርጋችሁ ጻፉ። አንበሳው ስለ ልጁ የሰማው ነገር የለም። ሥጋ ይዛ የምትመጣ፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ ሴት ብቻ ናት የምትታየው። ተራኪው የማያውቀውን ለይታችሁ ስታወጡ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል።

ሲሚሊና ሜታፎርን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ታውቋቸዋላችሁ። አንዱን በሌላው ለመመሰል «ላይክ» ወይም «አዝ» ከገባ ሲሚሊ ነው። ሳይገባ አንዱ ሌላው ነው ከተባለ ሜታፎር ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ «አይ ላይክ ቲ» ሻይ እወዳለሁ ማለት ብቻ ነው።

ወደ መጻፉ እንምጣ። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ እንግሊዝኛ ሲጽፍ የሚሠራቸው ስሕተቶች የሚመጡት ከስንፍና አይደለም፣ አማርኛው ሌላ ሥርዓት ስላለው ነው። «ሥጋውን ይዛ፣ ጫካ ሄዳ፣ አንበሳውን አይታ ተመለሰች» በአማርኛ ያምራል። እንግሊዝኛው ላይ ግን «ሺ ቱክ ሚት፣ ሺ ዌንት፣ ሺ ሶው» እየተባለ በኮማ ብቻ ይደረደራል። ይሄ አይሆንም። ወይ ነጥብ አድርጋችሁ አዲስ ዐረፍተ ነገር ጀምሩ፣ ወይ ሁለቱን በ«ኤንድ» አያይዙ።

ንግግር ላይ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ «እመጣለሁ አለ» እንላለን፤ የሚመጣው ተናጋሪው መሆኑ ግልጽ ነው። ይህንን ያለ ጥቅስ ምልክት «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም» ብላችሁ ከጻፋችሁት የምትመጡት እናንተ ትሆናላችሁ! ወይ የጥቅስ ምልክት አድርጉ፣ ወይ «ሂ ሴድ ሂ ዉድ ካም» በሉ።

ስለ ታሪክ አንድ አንቀጽ ጻፉ ስትባሉ በሐሳባችሁ ጀምሩ። ለምሳሌ «ሴትየዋ ታጋሽ ናት» በሉ። ቀጥሎ ታሪኩ ውስጥ ይህን የሚያሳየውን ቦታ ጥቀሱ፦ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መጠጋቷን። ከዚያ ይህ ለምን ትዕግሥት እንደሆነ አስረዱ፤ አንድ ቀን ብትቸኩል አንበሳው ይበላት ነበር። ብዙ ልጆች ይህን የመጨረሻውን ይዘሉታል፣ እኔ ግን ብዙውን ማርክ የምሰጠው ለእሱ ነው።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሁሉንም ስሕተት ባንዴ አትፈልጉ። በመጀመሪያው ዙር ካፒታል ሌተርና ነጥብ ብቻ እዩ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ካፒታል መርሳት የሁላችንም ነገር ነው። በሁለተኛው ዙር ግሶቹን አስምሩባቸው፤ ታሪኩ በኃላፊ ጊዜ ከጀመረ እስከ መጨረሻው በዚያው ይሂድ። በሦስተኛው በየስሙ ፊት «ኤ» ወይም «ዘ» ያስፈልግ እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ዐረፍተ ነገሩን ቁረጡት።