የጦስኝን አንቲኦክሲዳንት ጉልበት በቤተ ሙከራ ለመለካት

አንቲኦክሲዳንት ነጻ ራዲካል የሚባሉትን፣ ጥንድ ያላገኘ ኤሌክትሮን ያላቸውን ሞለኪውሎች የሚያከሽፍ ውሁድ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ይህን ጉልበት ለመለካት ጥሩ መነሻ የሚሆነው ጦስኝ ነው። ከደጋው ተለቅሞ ቅዳሜ ገበያ ድረስ ስለሚመጣ ለማግኘት አያስቸግርም፤ አንቲኦክሲዳንት ጉልበት ያላቸው እንደ ቲሞልና ካርቫክሮል ያሉ ፌኖላዊ ውሁዶችም አሉት። ይሁን እንጂ የገበያው ጦስኝ መቼና የት እንደተለቀመ ስለማይታወቅ፣ ውጤቱን ለጥናት የሚፈልግ ሰው ራሱ ለቅሞ፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግቦ፣ አበባ ያለውን አንድ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሀል ተጭኖ እንዲደርቅ ካደረገ በኋላ ለዕፅዋት ባለሙያ ማሳየት ይኖርበታል።

ቅጠሉ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ጥላና ነፋስ ባለበት ክፍል ይድረቅ። በክረምት ሻጋታ ስለሚያሰጋ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ማድረቂያ ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ከተፈጨው ላይ 10 ግራም ተመዝኖ በ100 ሚሊ ሊትር 80 በመቶ ሜታኖል ተዘፍዝፎ እየተነቀነቀ ለ24 ሰዓት ከቆየ በኋላ ይጣራል፤ ሜታኖሉ በሮታሪ ኢቫፖሬተር (ብልቃጡን እያሽከረከረ በዝቅተኛ ግፊት ፈሳሽ በሚያተን መሣሪያ)፣ የቀረው ውኃ ደግሞ በማድረቂያ ይወገዳል። ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነውና ይህ ከቅጠሉ የወጣ ንጥር (ኤክስትራክት) ለመቅመስ እንኳ ወደ አፍ አይቀርብም።

ለመለኪያው 4 ሚሊ ግራም ዲፒፒኤች የተባለ ኬሚካል በ100 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ይሟሟል። ዲፒፒኤች ሳይበታተን የሚቆይ ነጻ ራዲካል ሲሆን፣ ሙሙቱ ደማቅ ሐምራዊ ነው፤ ከአንቲኦክሲዳንት ሃይድሮጅን ወይም ኤሌክትሮን ሲቀበል እየደበዘዘ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ብርሃን ስለሚጎዳው ጠርሙሱ በፎይል ይጠቅለል፤ በየዕለቱም አዲስ ቢዘጋጅ ይመረጣል።

ኤክስትራክቱ በሜታኖል ተሟሙቶ በሚሊ ሊትር ከ500 ማይክሮ ግራም ጀምሮ በየጊዜው በግማሽ እየቀጠነ አምስት ወይም ስድስት ደረጃ ይወጣለታል። ከእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ከ3 ሚሊ ሊትር ዲፒፒኤች ጋር ተቀላቅሎ ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በስፔክትሮፎቶሜትር (ሙሙቱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጥ በሚለካ መሣሪያ) በ517 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ይነበባል። መቆጣጠሪያው በኤክስትራክቱ ፈንታ ሜታኖል የገባበት ቱቦ ነው፤ አስኮርቢክ አሲድም (ቫይታሚን ሲ) ለማነጻጸሪያ በዚያው ቀን በተመሳሳይ መንገድ ይለካል። እያንዳንዱ ደረጃ ሦስት ሦስት ጊዜ ይሠራ። በመካከል መብራት ሄዶ ከተመለሰ የቱቦዎቹ የቆይታ ጊዜ ስለተዛባ፣ መሣሪያውም እንደገና መሞቅ ስላለበት፣ ያን ዙር ጥሎ ከአዲስ መጀመር ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚስተው የኤክስትራክቱን የራሱን ቀለም ነው። ለየደረጃው ዲፒፒኤች ያልገባበት፣ ኤክስትራክትና ሜታኖል ብቻ የያዘ ቱቦ አዘጋጅቶ ንባቡን መቀነስ ያስፈልጋል። ለምሳሌ መቆጣጠሪያው 0.900፣ ናሙናው 0.350፣ የራሱ ቀለም ደግሞ 0.080 ቢነበብ፣ ትክክለኛው የናሙና ንባብ 0.270 ይሆናል፤ ከመቆጣጠሪያው ላይ ተቀንሶ፣ ለመቆጣጠሪያው ተካፍሎ፣ በ100 ሲባዛ የከሸፈው ራዲካል ድርሻ 70 በመቶ ሆኖ ይመጣል። ቀለሙ ሳይቀነስ ቢቀር ግን 61 በመቶ ብቻ ይወጣ ነበር፤ ብርቱው ኤክስትራክት ደካማ መስሎ ይታያል ማለት ነው።

ከየደረጃው መቶኛ በተሠራው ግራፍ ላይ ራዲካሉን በግማሽ የሚቀንሰው መጠን ይፈለጋል፤ መጠኑ ባነሰ ቁጥር ኤክስትራክቱ ይበረታል። ይህ በቱቦ ውስጥ የታየ ኬሚካላዊ ጉልበት እንጂ ጦስኝ አንድን በሽታ እንደሚፈውስ ማስረጃ አይደለም። ውጤቱ ሲጻፍ መጠኑ ከመቀላቀሉ በፊት ያለው ይሁን በቱቦው ውስጥ ያለው በግልጽ መጠቀስ አለበት፤ 1 ሚሊ ሊትሩ በጠቅላላ 4 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስለገባ ሁለቱ ቁጥሮች በአራት እጥፍ ይለያያሉ።