ያልተከፈለ የፍርድ ቤት ቅጣትና ቤሊፍ፦ በእንግሊዝና በዌልስ ለሚኖር ሰው መመሪያ

ከቤሊፍ፣ ማለትም ያልተከፈለ ዕዳ እንዲያስከፍልና ንብረት እንዲይዝ ሥልጣን ከተሰጠው ሰው፣ ደብዳቤ ሲደርስዎ ከገንዘቡ መጠን በፊት የዕዳውን ዓይነት ይፈልጉ። አንድ ዓይነት መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው ለካውንስል ታክስም፣ ለፓርኪንግም፣ በማጅስትሬት ፍርድ ቤት ለተወሰነ ቅጣትም ሊመጣ ይችላል። ሥልጣኑ ግን እንደ ዕዳው ይለያያል። ለካውንስል ታክስ ወይም ለፓርኪንግ የመጣ ቤሊፍ ቀደም ብሎ በሰላም ገብቶ ንብረት ካልመዘገበ በቀር በር አስገድዶ አይገባም። ለፍርድ ቤት ቅጣት የመጣው ግን በ2007 በወጣው የማስፈጸሚያ ሕግ መሠረት፣ አስፈላጊ ሲሆን ተመጣጣኝ ኃይል ተጠቅሞ፣ ለምሳሌ ቁልፍ ሠሪ አምጥቶ፣ በር ማስከፈት ይችላል። ይህን የሚያደርገው አልፎ አልፎ ቢሆንም ሥልጣኑ አለው። «ካልከፈትክላቸው ምንም አያመጡም» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚመጣው የፓርኪንግ ዕዳ ካጋጠመው ሰው ነው። ለፍርድ ቤት ቅጣት ሲውል ሰውን ያስጎዳል።

ደብዳቤው ላይ የማጅስትሬት ፍርድ ቤት ስም፣ «ኤችኤምሲቲኤስ» (HMCTS፣ የፍርድ ቤቶች አስተዳደር) የሚለው ምሕጻረ ቃል ወይም «ዋራንት ኦፍ ኮንትሮል» (ቤሊፍ ንብረት እንዲይዝ የሚፈቅድ የፍርድ ቤት ማዘዣ) የሚል ቃል ካለ ይህ መመሪያ የእርስዎ ነው። ካውንስል ወይም ትራንስፖርት ፎር ለንደን ከተጠቀሰና ጉዳዩ በኖርዝሃምፕተኑ የትራፊክ ማስፈጸሚያ ማዕከል በኩል ያለፈ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ለፓርኪንግ የሚሞሉት ቅጾች ቲኢ 7 እና ቲኢ 9 ይባላሉ፤ እዚያ ላይ ያተኩሩ። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ሕግ አላቸው።

ስለ ክሱ ምንም ሳያውቁ ከተቀጡ

ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጣል፤ ቀን ስለሚቆጠርበት። ብዙ ቅጣቶች ዛሬ የሚወሰኑት ሰው በሌለበት፣ አንድ ዳኛ ወረቀት አይቶ በሚፈርድበት «ሲንግል ጀስቲስ ፕሮሲጀር» በተባለ አሠራር ነው። መጥሪያው በፖስታ ይላካል፤ ቤት ቀይረው ከሆነ አሮጌው አድራሻ ላይ ይቀራል። በተለይ መኪና ያለው ሰው ቤት ሲቀይር መንጃ ፈቃዱንና የመኪናውን ሎግ ቡክ (የምዝገባ ሰነድ) አድራሻ ለየብቻ ማስቀየር አለበት፤ አንዱን ብቻ ያስቀየረ ሰው ደብዳቤው ያልፈዋል። ፖሊስ «መኪናውን ማን ነበር የሚነዳው?» ብሎ የላከው ቅጽ ሳይመለስ ሲቀር፣ ያለመመለሱ ራሱ 6 የቅጣት ነጥብ የሚያስከትል ወንጀል ነው። ገቢውን ያላሳወቀ ሰው በሳምንት 440 ፓውንድ እንደሚያገኝ ተደርጎ ከተሰላበት ቅጣቱ 660 ፓውንድ ይሆናል፤ በላዩ ላይ 40 በመቶ የተጎጂዎች መዋጮ 264 ይጨመራል፣ የዐቃቤ ሕግ ወጪም አለ። በሳምንት 200 ፓውንድ የሚያገኝ ሰው ሺህ ፓውንድ የሚጠጋ ዕዳ ከየት እንደመጣበት የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው «ስታቹቶሪ ዴክላሬሽን» የሚባል በመሐላ የሚሰጥ ቃል ነው። ስለ ክሱ ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ፣ ክሱን ቀደም ብዬ አላውቅም ብለው ይምላሉ። ተቀባይነት ካገኘ ፍርዱ፣ ቅጣቱና ነጥቡ ይፈርሳሉ፤ ቤሊፉ የሚያስፈጽመው ነገር አይኖረውም። ክሱ ግን አይጠፋም፤ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ እርስዎም ጥፋተኛ ነኝ ወይም አይደለሁም ብለው ይመልሳሉ። ጥፋቱን በእርግጥ የፈጸሙ ቢሆንም ትርፍ አለው፦ በመጀመሪያው ዕድል ጥፋቱን ማመን ቅጣቱን እስከ አንድ ሦስተኛ ያስቀንሳል፤ ስሌቱም በእውነተኛ ገቢዎ ይሆናል።

ደብዳቤውን ባዩበት ዕለት ቀኑን ጽፈው ፖስታውን ከነማኅተሙ ያስቀምጡ። ቅጣቱን የወሰነውን ፍርድ ቤት ደውለው የመዝገብ ቁጥሩን፣ የጥፋቱን ስምና መጥሪያው የተላከበትን አድራሻ ይጠይቁ፤ ከዚያ ስታቹቶሪ ዴክላሬሽን ለመስጠት ቀጠሮ ይያዙ። በእንግሊዝኛ የማይመችዎ ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ብለው ያኔውኑ ያስመዝግቡ፤ ለችሎቱ የሚቀርበው አስተርጓሚ አያስከፍልም። ቀጠሮው ከ21 ቀን የሚያልፍ ከሆነ ቃሉን ጠበቃ ፊት መስጠት ይቻላል፦ ለመሐላው 5 ፓውንድ፣ ለእያንዳንዱ አባሪ 2 ፓውንድ ነው። በዚያ ዕለት ለቤሊፉ ኩባንያ በኢሜይል ቅጂውን ልከው ፍርድ ቤቱ እስኪመልስ ጉዳዩን እንዲያቆይ ይጠይቁ።

የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለቤሊፉ ነው፤ ሁለት ሳምንት ስለ ክፍያ ሲከራከር 21ዱ ቀን ያልቃል። ቤሊፉ ቅጣቱን የመሰረዝ ሥልጣን የለውም። ቀኑ ካለፈም ተስፋ አይቁረጡ፤ በጊዜው መምጣት የማይጠበቅበት ምክንያት መኖሩን ካስረዱ ፍርድ ቤቱ ሊቀበል ይችላል። መጥሪያው ደርሶዎት ከነበረ ግን አይማሉ፤ የሐሰት መሐላ ከቅጣቱ የከበደ ወንጀል ነው።

ቅጣቱን የሚያውቁት ከሆነ

ገና ቤሊፍ ጋ ካልደረሰ በፍርድ ቤቱ የክፍያ ትእዛዝ ላይ ያለውን ቁጥር ደውለው የቅጣት ኃላፊውን (የቅጣት ክፍያ የሚከታተለውን የፍርድ ቤቱን ሠራተኛ) ያነጋግሩ። ኑሮዬ ተለውጧል ብለው ወርኃዊውን ክፍያ ማስቀነስ፣ ወይም ከደመወዝ አለዚያም ከዩኒቨርሳል ክሬዲት እየተቆረጠ እንዲከፈል መጠየቅ ይችላሉ። መቆረጡ ያሳፍራል ብለው የሚሸሹት አሉ፤ ከቤሊፍ ክፍያ ጋር ሲተያይ ግን እጅግ ይረክሳል። «ፈርዘር ስቴፕስ ኖቲስ» የሚል፣ ቅጣቱን ለማስከፈል ተጨማሪ እርምጃ እንደሚወሰድ የሚያሳውቅ ደብዳቤ ከመጣ ይግባኝ ለማለት ያለዎት 10 የሥራ ቀን ነው።

ማዘዣው ለቤሊፍ ሲሰጥ ሒሳቡ በየደረጃው ያድጋል። በ2014 የወጣው የክፍያ ደንብ ለመጀመሪያው ደብዳቤ 75 ፓውንድ፣ ቤት ድረስ ለመምጣት 235 ፓውንድ፣ ንብረት ወስዶ ለመሸጥ 110 ፓውንድ ተመነ። በሁለቱ ኋለኞች ላይ ዕዳው ከ1,500 ፓውንድ ካለፈ ከዚያ በላይ ካለው መጠን 7.5 በመቶ ይጨመራል። 600 ፓውንድ ቅጣት ያለበት ሰው በደብዳቤው ደረጃ ቢከፍል 675፣ ቤሊፉ አንዴ በሩ ድረስ ከመጣ በኋላ ቢከፍል 910 ይሆንበታል ማለት ነው። ደብዳቤዎ ላይ ያለው ታሪፍ ከዚህ ከተለየ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። 235ቱ የሚቆጠረው ቤት ባይኖሩም፣ በሩ ባይከፈትም ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚረክሰው ጊዜ «ኖቲስ ኦፍ ኢንፎርስመንት» የሚባለው የቤሊፉ የመጀመሪያ ደብዳቤ ከደረሰ እስከ መጀመሪያው ጉብኝት ያለው ነው፤ በ2013ቱ ደንብ ቢያንስ 7 ሙሉ ቀን ነው፣ እሑድና የሕዝብ በዓላት አይቆጠሩም።

በዚያ ጊዜ ውስጥ የገቢና የወጪ ዝርዝር ሠርተው በኢሜይል የክፍያ ሐሳብ ያቅርቡ፤ ከቻሉ የመጀመሪያውን ክፍያ በዚያው ቀን ይክፈሉ። የማይችሉትን ቃል አይግቡ። በወር 150 ብለው ሁለተኛው ወር ላይ ከሚሰበር፣ በወር 50 ብሎ ሳያቋርጡ መክፈል ይሻላል፤ የተሰበረ ስምምነት ወዲያው ጉብኝትና 235 ያመጣል። ክፍያውን በኩባንያው ድረ ገጽ ወይም ስልክ፣ ከነመለያ ቁጥሩ ይፈጽሙ። ቅጣቱን በቀጥታ ለፍርድ ቤት ከፍለው የቤሊፉን ክፍያ ያመለጡ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ማዘዣው ከወጣ በኋላ ክፍያው አብሮ ይፈለጋል። «ብሪዚንግ ስፔስ» የሚባለው የዕዳ እፎይታም የወንጀል ቅጣትን አይሸፍንም። በኢንተርኔት የሚሸጡት «ግቢዬ እንዳትገባ» የሚሉ ማስጠንቀቂያዎች በሕግ ፊት ዋጋ የላቸውም።

ማዘዣው በስህተት ወጥቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኃላፊው ማወቅ የሚገባውን ነገር ሳያውቅ አውጥቶት ከሆነ፣ የቅጣት ኃላፊው ሊስበው ይችላል። ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ማስረጃውንም ያያይዙ።

እንግሊዝኛ አለመቻል ራሱ መከላከያ ነው

የፍትሕ ሚኒስቴር በ2014 ያወጣው የቤሊፍ ሥነ ምግባር መመሪያ «ተጋላጭ» ሊሆኑ ከሚችሉት ሰዎች መካከል አረጋውያንን፣ ከባድ ሕመም ያለባቸውን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉትን፣ ሥራ አጦችን፣ በቅርቡ ሐዘን የደረሰባቸውን፣ እንዲሁም እንግሊዝኛ መናገር፣ ማንበብ ወይም መረዳት በግልጽ የሚቸግራቸውን ይዘረዝራል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ስለማያውቁ ሳይጠቅሱት ይቀራል። በክፍያ ደንቡ መሠረት ተጋላጭ የሆነ ሰው ንብረቱ ከመወሰዱ በፊት ምክርና ድጋፍ የሚያገኝበት በቂ ዕድል ካልተሰጠው 235 ፓውንዱን ማስከፈል አይቻልም።

ግን ካልተናገሩ አይታወቅም። ደብዳቤው እንደደረሰ አጭር ኢሜይል ይላኩ፦ መለያ ቁጥሩ፣ ስምዎ፣ እንግሊዝኛ አንብቤ እንደማልረዳ፣ ሌላም ችግር ካለ (ሕመም፣ እርግዝና፣ ሕፃናት)፣ የዕዳ አማካሪ እስካገኝ ይቆይልኝ፣ ከእኔ ጋር በአስተርጓሚ ተነጋገሩ። የሐኪም ወረቀት ወይም የዩኒቨርሳል ክሬዲት ደብዳቤ ካለ አያይዙ። ልጆችን አስተርጓሚ አያድርጓቸው፤ ሕፃን የቤተሰቡን ዕዳ በአፉ መሸከም የለበትም። መመሪያውም ቤት ውስጥ ያለው ሰው ከ18 ዓመት በታች ብቻ ከሆነ ቤሊፉ እንዲመለስ፣ ከ12 ዓመት በታች ብቻ ከሆኑ ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ እንዲሄድ ያዛል።

በሩ ሲንኳኳ

ቤሊፍ የሚመጣው ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 9 በእንግሊዝ ሰዓት አቆጣጠር፣ በእኛ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ነው፤ እሑድም ሊመጣ ይችላል። በሩን ሳይከፍቱ በመስኮት ወይም በፖስታ ማስገቢያው በኩል ስሙን፣ ኩባንያውንና ማዘዣውን ይጠይቁ። የኩባንያ ቤሊፍ ሁሉ ከካውንቲ ፍርድ ቤት የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ስሙ በፍትሕ ሚኒስቴር የሕዝብ መዝገብ በኢንተርኔት ይገኛል። የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ነኝ ካለ ፍርድ ቤቱን ደውለው ያረጋግጡ። ሁሉን በስልክዎ ይቅረጹ። አይግፉት፣ መንገድ አይዝጉበት፤ ሥራውን ሆን ብሎ ማሰናከል ወንጀል ነው። እሱም በሰው ላይ ኃይል መጠቀም አይችልም፤ በመስኮትም አይገባም።

ከገባ ንብረት መዝግቦ «ኮንትሮልድ ጉድስ አግሪመንት» (እየከፈሉ ሳለ የተመዘገበው ንብረት ቤት እንዲቆይ የሚደረግ ስምምነት) ያስፈርማል። ከመፈረምዎ በፊት ዝርዝሩን ያንብቡ። የሚወሰደው የእርስዎ፣ ወይም ከሌላ ሰው ጋር በጋራ የያዙት ንብረት ነው። ከብዙ ሰው ጋር በሚኖሩበት ቤት የሌላው ክፍል ቴሌቪዥን አይነካም። ቤቱ ከነዕቃው የተከራየ ከሆነ የኪራይ ውሉንና የዕቃ ዝርዝሩን ያሳዩ። አልጋና አልባሳቱ፣ ለቤተሰቡ የሚበቃ ጠረጴዛና ወንበር፣ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ምድጃ ወይም ማይክሮዌቭ (ሁለቱም አይደሉም)፣ አንድ ስልክ፣ የሕክምና ዕቃና ለሕፃናት እንክብካቤ የሚያስፈልገው አይወሰድም። ለሥራ የሚያስፈልግ መሣሪያ በድምሩ እስከ 1,350 ፓውንድ ብቻ ይጠበቃል።

በዚህ ገደብ የሚጎዳው ሹፌሩ ነው። የሚኒካብ ሹፌር መኪናው ለሥራ ቢሆንም ዋጋው ከ1,350 ስለሚበልጥ አይጠበቅም። በፋይናንስ የተገዛ ከሆነ ግን ባለቤቱ የፋይናንስ ኩባንያው ነው፤ ውሉን በስልክዎ ይዘው ይዙሩ። የተከራዩት ከሆነም የኪራይ ውሉን ያሳዩ። መንገድ ላይ ቤሊፉ ጎማውን በብረት ያሰረው መኪና ቢያንስ 2 ሰዓት ሳይነሳ መቆየት አለበት፤ ይህ ለመክፈል ወይም ማስረጃ ለመላክ ያለዎት ጊዜ ነው። ሎግ ቡክ ባለቤትነትን አያረጋግጥም፤ የግዢ ደረሰኝና የባንክ ዝውውር ይሻላል። ማዘዣው ከወጣ በኋላ መኪናውን ወደ ወንድም ስም ማዞር አያድንም። የሌላ ሰው ንብረት ከተወሰደ ባለቤቱ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይጠይቅ።

በሩ ላይ ከከፈሉ በካርድ ይክፈሉ፤ ቅጣቱና የቤሊፉ ክፍያ ለየብቻ የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ።

ነጻ ምክር ሲፈልጉ ናሽናል ዴብትላይን 0808 808 4000፣ ስቴፕቼንጅ 0800 138 1111፣ ሲቲዝንስ አድቫይስ በእንግሊዝ 0800 144 8848 ነው። ቤሊፉ ምንም ሳያገኝ ማዘዣውን ከመለሰ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይመለሳል፤ ለገቢ ማጣሪያ ችሎት ይጠራሉ። እዚያ አለመቅረብ የእስር ማዘዣ ያስወጣል። እስራት የሚወሰነው እየቻለ ሆን ብሎ በተወ ወይም በጥፋቱ ችላ ባለ ሰው ላይ ነው፤ ስለዚህ የሦስት ወር የባንክ መግለጫ፣ የደመወዝ ወይም የጥቅማ ጥቅም ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ እስካሁን የከፈሉበትን ደረሰኝና በወር የሚችሉትን መጠን የጻፉበትን ወረቀት ይዘው ይቅረቡ።