የደረቀ የጥብስ ቅጠል መላ ተገኘለት

ትናንት ጥብስ ልሠራ ስነሳ እርጥቡ የጥብስ ቅጠል አልቋል፤ ቤት ያለው ደረቁ ብቻ ነው። ባለፈው ጊዜ እንደ እርጥቡ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ፣ ያውም ሊወጣ ሲል ነስንሼበት ጥብሱ መረረ፤ ቅጠሉም እንደ መርፌ ጥርስ ውስጥ ተሰገሰገ። በጣም ነበር ያናደደኝ።

አሁን ግን ገባኝ። የደረቀ ቅጠል ውኃው ስለወጣ ጣዕሙ የታመቀ ነው፤ የእርጥቡ ሲሶ ይበቃል። ለአንድ የሾርባ ማንኪያ እርጥብ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ማለት ነው። በሙቀጫ ደቆስ አደረግሁትና መጨረሻ ላይ ሳይሆን ገና ሽንኩርቱ ሲቁላላ ከቅቤው ጋር ጨመርኩት፤ ቅባቱ ውስጥ ቀስ እያለ ለሰለሰ፣ ሽታውም ወጣ። ቤቱ አወደ! ቃሪያው ግን የግድ እርጥብ ይሁን።